የሳምንቱን የአየር ትንበያ ወደ እርሻ ሥራ እንዴት ትቀይሩታላችሁ፦ ከዝናብ መለኪያ እስከ ሳምንቱ እቅድ

"ትንበያው ዝናብ አለ ይላል፣ ልዝራ ወይስ ልቆይ?"፣ "አፑ 60 ፐርሰንት ብሏል፣ መድሃኒት ብረጭ ይታጠብብኛል?"፣ "ሳምንቱን ሙሉ ደመና ነው የሚያሳየው፣ ልጨድ?" እነዚህ ጥያቄዎች በየሳምንቱ ይመጡልኛል፣ ለአንዱ መልሼ ሳልጨርስ ሌላው ያንኑ ይጠይቀኛል፣ ስለዚ አንዴ በደንብ ልጻፈውና የፈለገ ሁሉ ደረጃ በደረጃ ይስራበት ብዬ ነው። መልሱ ትንበያው ውስጥ ብቻ የለም። ትንበያው ከሰማይ ሊመጣ የሚችለውን ይነግራችኋል፣ አፈራችሁ ውስጥ ምን ያህል ውሃ እንዳለ ግን የትኛውም አፕ አያውቅላችሁም፣ ሁለቱን አንድ ደብተር ላይ ስታገናኟቸው ነው ሰኞ ምን፣ ሐሙስ ምን እንደምትሰሩ የሚታያችሁ።

ሥራው በቀን ጥቂት ደቂቃ፣ በሳምንት አንዴ ደሞ ግማሽ ሰዓት ቢወስድ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ጎኑ ቀጥ ያለ፣ ያልተሸበሸበ ባለ 2 ሊትር የፕላስቲክ ጠርሙስ (የኬሚካል እቃ የነበረ አይሁን)
- መቀስ ወይም ስለታም ቢላ፣ በሚሊሜትር የተከፈለ ማስመሪያ፣ የማይለቅ ማርከር፣ ፕላስተር
- ጥቂት ንጹህ ጠጠር
- ቋሚ እንጨትና ማሰሪያ ሽቦ
- ቴርሞሜትር፣ ከተቻለ የቀኑን ከፍተኛና የሌሊቱን ዝቅተኛ የሚይዘው ዓይነት
- አካፋ ወይም ዶማ
- ደብተርና እስክርቢቶ
- ትንበያ የምታዩበት ስልክ ወይም ሬዲዮ

ቴርሞሜትር ባይኖራችሁም ጀምሩ፣ የዝናብ መለኪያውን ግን አትዝለሉት፣ ከታች ያለው ሁሉ እሱ ላይ ነው የቆመው።

1. የዝናብ መለኪያውን ስሩ

ጠርሙሱን ትከሻው ማለትም መጥበብ የሚጀምርበት ቦታ ላይ ዙሪያውን እኩል አድርጋችሁ ቁረጡት። ክዳኑን አውጡና የላይኛውን ቁራጭ ገልብጣችሁ እንደ ማንቆርቆሪያ አፍ ወደ ታችኛው ውስጥ ክተቱት፣ ጠርዝ ለጠርዝ ገጥሞ በፕላስተር ይያዝ። ይሄ የተገለበጠው ቁራጭ ውሃው በፀሐይ ቶሎ እንዳይተን ይከላከላል፣ ቅጠልና ነፍሳትም እንዳይገቡ ይቀንሳል።

የጠርሙሱ ቂጥ ጎድጓዳና ወጣ ገባ ስለሆነ እዛ ላይ የሚጠራቀም ውሃ በማስመሪያ ትክክለኛ ልክ አይሰጥም። ስለዚ ታችኛውን ክፍል በጠጠር ሙሉት (ክብደቱ ነፋስም እንዳይጥለው ይረዳል)፣ ከዛ ጎኑ ቀጥ ብሎ እስከሚጀምርበት ድረስ ውሃ ጨምሩበት። ውሃው የቆመበትን ቦታ በማርከር አስምሩና 0 ብላችሁ ጻፉ። ማስመሪያውን ከ0 መስመር ጀምሮ ወደ ላይ በፕላስተር ለጥፉት። ጠርሙሱ አፉም ሆዱም እኩል ስፋት ስላለው ማስመሪያው ላይ የምታነቡት 1 ሚሊሜትር ቀጥታ 1 ሚሊሜትር ዝናብ ነው፣ ሌላ ስሌት አያስፈልገውም።

1 ሚሊሜትር ዝናብ ማለት በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ውሃ ነው። በሄክታር 10,000 ሊትር ይሆናል። ይቺን ቁጥር ያዟት፣ በኋላ የመስኖ ሂሳብ ስንሰራ እንመለስባታለን።

2. ቦታ ምረጡለት

መለኪያው ከዛፍ፣ ከቤትና ከአጥር ራቅ ይበል። ቢያንስ የዛ ነገር ቁመት ሁለት እጥፍ ርቀት ይኑረው፣ ዛፉ 5 ሜትር ከሆነ መለኪያው 10 ሜትር ይራቅ ማለት ነው። ለምን ቢባል ዝናብ ከነፋስ ጋር አግድም ስለሚመጣ ዛፉ ይጋርደዋል ወይም ቅጠሉ ላይ የተጠራቀመው ወደ ውስጥ ይንጠባጠባል። ቋሚው ላይ ስታስሩት አፉ ከመሬት 1 ሜትር አካባቢ ከፍ ይበል፣ በጣም ዝቅ ካለ መሬት ነጥሮ የሚረጨው ውሃ ይገባበታል፣ በጣም ከፍ ካለ ደሞ ነፋሱ ጠብታውን አሳልፎ ይወስደዋል። ዘንበል እንዳይልም እዩት።

ቴርሞሜትሩን በሰው ደረት ቁመት ላይ፣ ፀሐይ ፈጽሞ በማያገኘውና አየር በሚዘዋወርበት ቦታ ስቀሉት። ቆርቆሮ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ቴርሞሜትር የቆርቆሮውን ሙቀት ነው የሚነግራችሁ።

3. በየቀኑ ጠዋት በተመሳሳይ ሰዓት አንብቡ

ጠዋት 3 ሰዓት ጥሩ ነው፣ ሌላም ሰዓት ይሁን ግን አይቀያየር። ዓይናችሁን ከውሃው ጋር እኩል አውርዳችሁ እዩ፣ የውሃው ጫፍ ጠርዙ ላይ ትንሽ ወደ ላይ ስለሚወጣ መሃል ያለውን ዝቅተኛውን ነው የምታነቡት። ጻፉ፣ ትርፉን ድፉ፣ እስከ 0 መስመር ውሃ መኖሩን አረጋግጡ።

ይሄን የመጨረሻውን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ዝናብ በሌለባቸው ቀናት ውሃው ተንኖ ከ0 በታች ይወርዳል፣ ከዛ 4 ሚሊሜትር ሲዘንብ 1 ብቻ ያሳያችሁና "ዝናቡ ምንም አላደረገም" ትላላችሁ። በየቀኑ መሄድ የማይመቻችሁ ከሆነ ጥቂት ጠብታ ዘይት ውስጡ አድርጉበት፣ ላዩ ላይ ተንሳፎ ትነቱን ይይዘዋል።

ደብተሩ ላይ አምስት ነገር ብቻ፦ ቀን፣ ዝናብ በሚሊሜትር፣ የሌሊት ዝቅተኛ ሙቀት፣ የቀን ከፍተኛ ሙቀት፣ ያያችሁት ነገር (ጤዛ፣ ጉም፣ በረዶ፣ ኃይለኛ ነፋስ፣ ቅጠል ላይ የታየ ነጠብጣብ)። ዝናብ ያልነበረበትን ቀን ባዶ አትተዉት፣ 0 ጻፉ፣ ባዶ ቦታ ዝናብ አልነበረም ይሁን እናንተ አላያችሁም ይሁን በኋላ አይታወቅም።

4. አፈሩን በእጃችሁ ፈትሹ

በሳምንት አንዴ፣ እቅድ በምታወጡበት ቀን፣ ማሳው ውስጥ ሦስት አራት ቦታ ላይ ከ10 እስከ 15 ሳንቲሜትር ቆፍራችሁ አፈር አውጡና በመዳፋችሁ ጨብጡ።

- ተፈርፍሮ በጣታችሁ መሃል ከፈሰሰ ደረቅ ነው።
- ድቡልቡል ሆኖ ከያዘና በአውራ ጣት ስትነኩት ከተሰበረ ለመዝራትም ለማረስም ደህና እርጥበት ነው።
- እጃችሁ ላይ ውሃ ከተወ ወይም እንደ ሊጥ ከተለጠጠ በጣም እርጥብ ነው፣ እሱን ካረሳችሁት ይጠቀጠቃል፣ ሲደርቅ ጓል ሆኖ ሥር አያሳልፍም።

ላዩን አይቶ መወሰን ያሳስታል። 25 ሚሊሜትር ዝናብ ደረቅ አሸዋማ አፈርን እስከ 30 ሳንቲሜትር ያርሳል፣ መካከለኛውን ከ15 እስከ 18፣ ከባድ ሸክላማውን ደሞ ከ10 እስከ 12 ሳንቲሜትር ገደማ ብቻ። ስለዚ 5 ሚሊሜትር ካፊያ መሬቱን ጥቁር አድርጎ ሲያሳምረው ከስሩ ግን ደረቅ እንደሆነ ነው ያለው።

5. ከትንበያው ላይ ምስሉን ሳይሆን ቁጥሩን ውሰዱ

የደመናና የጠብታ ምስሏን እርሷት። አንዲት ምስል 1 ሚሊሜትር ካፊያንም 40 ሚሊሜትር ዶፍንም አንድ አድርጋ ነው የምታሳየው። ለእያንዳንዱ ቀን እነዚህን ገልብጡ፦

- የዝናብ መጠን በሚሊሜትር
- የዝናብ እድል በፐርሰንት
- በየትኛው ሰዓት
- የነፋስ ፍጥነትና አቅጣጫ
- የሌሊት ዝቅተኛ ሙቀትና የአየር እርጥበት

ፐርሰንቱ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ጥያቄው ሁሉ እሱ ላይ ነው የሚነሳው። 60 ፐርሰንት ሲል ከቀኑ 60 ፐርሰንቱን ይዘንባል ማለት አይደለም፣ 60 ፐርሰንት የሚሆነው ማሳ ይረጥባል ማለትም አይደለም። ሁኔታው እንዲህ በሆነባቸው 10 ቀናት ውስጥ በ6ቱ እናንተ ያላችሁበት ቦታ ላይ ሊለካ የሚችል ዝናብ ይጥላል፣ በ4ቱ አይጥልም ማለት ነው። ምን ያህል እንደሚጥል ፐርሰንቱ ምንም አይልም፣ 90 ፐርሰንት ብሎ 2 ሚሊሜትር ሊሆን ይችላል፣ 30 ፐርሰንት ብሎ ደሞ ከመጣ 35 ሚሊሜትር ሊሆን ይችላል። ስለዚ ሁለቱን ቁጥሮች ሁሌ አብራችሁ እዩ።

ሌላው፣ አፑ የሚያሳያችሁ የማሳችሁን ትንበያ ይምሰል እንጂ የኮምፒውተር ሞዴሉ ምድርን በትላልቅ ካሬ ከፋፍሎ ነው የሚያሰላው። የአውሮፓው ማዕከል ሞዴል (ኢሲኤምደብሊውኤፍ) ካሬው 9 ኪሎሜትር ገደማ ነው፣ የአሜሪካው (ጂኤፍኤስ) ከዛ ሰፋ ይላል። ከሰዓት በኋላ የሚነሳ ነጎድጓዳማ ዝናብ ደሞ ከካሬው ባነሰ ቦታ ላይ ነው የሚወርደው። ለካሬው በአማካይ 5 ሚሊሜትር ተብሎ እናንተ ጋ 25፣ ጎረቤት ጋ 0 ሊሆን ይችላል፣ ትንበያውም አልተሳሳተም። በዚህ ምክንያት ነው የራሳችሁን መለኪያ የምትፈልጉት።

ተራራማ ቦታ ላይ ያላችሁ ሰዎች ደሞ አፑ የያዘውን ከፍታ ካሳየ ከራሳችሁ ጋር አስተያዩት። አየሩ በ1,000 ሜትር በአማካይ 6.5 ዲግሪ ገደማ ይቀዘቅዛል፣ ማሳችሁ አፑ ከያዘው ቦታ 500 ሜትር ከፍ ካለ ከሙቀቱ ላይ 3 ዲግሪ ያህል ቀንሱ።

ከተቻለ ሁለት ትንበያ እዩ፣ ግን ሁለት የተለያየ አፕ ስላያችሁ ብቻ ሁለት ምንጭ አየን አትበሉ፣ ብዙዎቹ አፖች ከአንድ ሞዴል ነው የሚቀዱት። የብሔራዊ ሚቲዎሮሎጂ ተቋማችሁን ሳምንታዊ ወይም የ10 ቀን መግለጫ አንዱ፣ አፑን ሌላው አድርጉ። መግለጫው ላይ "ከመደበኛ በላይ" ወይም "ከመደበኛ በታች" የሚል ካያችሁ መደበኛ የሚባለው የ30 ዓመት አማካይ ነው (አሁን የሚሰራበት ከ1991 እስከ 2020 እ.ኤ.አ ያለው ነው)። በደረቅ ወቅት "ከመደበኛ በላይ" ቢባል በጣም ጥቂት ዝናብ ሊሆን ስለሚችል በዛ ብቻ ለመዝራት አትነሱ።

6. ሳምንቱን በሦስት ክፈሉት

ከ1ኛ እስከ 3ኛ ቀን ያለው ትንበያ ሥራ ይወሰንበታል። 4ኛና 5ኛ ቀን ዝግጅት ይደረግበታል፣ ማለትም ዘር ማቅረብ፣ ሠራተኛ ማነጋገር፣ ሸራ ማዘጋጀት። 6ኛና 7ኛ ቀን አዝማሚያ ነው፣ እርጥብ ይሆናል ወይ ደረቅ ይሆናል ለማለት ያገለግላል፣ "እሁድ 9 ሰዓት ላይ ይዘንባል" የሚለውን ግን አትመኑት። ከባቢ አየር ውስጥ ያለች ትንሽ ልዩነት በየቀኑ እያደገች ስለምትሄድ ነው ቀኑ ሲርቅ ትንበያው የሚደክመው። ሁለቱ ትንበያዎች በአንድ ቀን ላይ በጣም ከተለያዩ ያ ቀን አጠራጣሪ ነው ብላችሁ ምልክት አድርጉበት፣ ሊመለስ የማይችል ሥራ እዛ ቀን ላይ አታስቀምጡ።

7. የውሃ ሂሳብ ስሩ

ይሄኛው ከሁሉም በላይ ይጠቅማችኋል፣ ቁጥሮቹም ቀላል ናቸው። ሜዳውን የሸፈነ ጤነኛ ሰብል በቀን የሚጠጣው በግምት እንዲህ ነው፦

- ቀዝቃዛና እርጥበታማ አየር፦ ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር
- መካከለኛ (20 ዲግሪ አካባቢ)፦ ከ4 እስከ 5 ሚሊሜትር
- ሞቃትና ደረቅ ነፋሻማ፦ ከ6 እስከ 8 ሚሊሜትር

ገና የበቀለ ቡቃያ ከሆነ ግማሹን ያህል አስቡ።

ቀጥሎ አፈሩ ምን ያህል ይይዛል የሚለው ነው። በ1 ሜትር ጥልቀት ውስጥ ሰብል ሊጠቀምበት የሚችለው ውሃ አሸዋማ ላይ ከ60 እስከ 100 ሚሊሜትር፣ መካከለኛና ሸክላማ ላይ 150 አካባቢ ነው። ሥሩ 40 ሳንቲሜትር ከገባ መካከለኛ አፈር ላይ 60 ሚሊሜትር ማለት ነው። ግማሹ እስኪያልቅ ሰብሉ ብዙም አይጎዳም፣ ከዛ በኋላ ግን መጨነቅ ይጀምራል፣ ስለዚ የምትንቀሳቀሱበት 30 ሚሊሜትር ነው።

ምሳሌ ልስጥ። እሁድ አፈሩ ሙሉ ነበር እንበል። በሳምንቱ ሰብሉ በቀን 5፣ በጠቅላላው 35 ሚሊሜትር ጠጣ። መለኪያችሁ ደሞ 18 ሚሊሜትር ያዘ። 35 ሲቀነስ 18፣ 17 ሚሊሜትር ጎድሏል። ከ30ው የቀራችሁ 13 ነው። በቀን 5 ሲሄድ ሁለት ቀን ተኩል ያህል ያቆያችኋል። አሁን ትንበያውን ተመልከቱ፣ እስከ ረቡዕ ከ10 ሚሊሜትር በላይ ዝናብ በጥሩ እድል ከታየ ጠብቁ፣ ካልታየ ረቡዕ ከመድረሱ በፊት አጠጡ። በ1,000 ካሬ ሜትር ላይ 20 ሚሊሜትር ለማጠጣት 20,000 ሊትር ያስፈልጋል፣ ባለ 200 ሊትር በርሜል 100 ማለት ነው፣ ፓምፑን ስንት ሰዓት እንደምታስነሱ ከዚህ ታወጣላችሁ።

ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ ፀሐያማ ቀን ላይ የምትጥል ከ3 ሚሊሜትር በታች ዝናብ አብዛኛዋ ላዩ ላይ ተንና ስለምትቀር በሂሳቡ አታስገቧት። ሁለተኛ፣ አፈሩ ከሞላ በኋላ የሚመጣው ትርፍ ይፈሳል ወይም ወደ ታች ይሰርጋል፣ በአንድ ሌሊት 60 ሚሊሜትር ዘነበ ማለት የሁለት ሳምንት ውሃ አገኘን ማለት አይደለም፣ ጉድለቱ 17 ከነበረ የሚደመርላችሁ 17ቱ ብቻ ነው።

8. ሥራ በሥራ ወስኑ

መዝራት። በመጀመሪያው ዝናብ ተነስቶ መዝራት ነው ዘር የሚያስበላው። በአግሮሚቲዎሮሎጂ (የአየር ሁኔታን ከእርሻ ጋር አያይዞ በሚያጠናው ሙያ) በብዛት የሚሰራበት መስፈርት በ3 ቀን ውስጥ ቢያንስ 20 ሚሊሜትር ዝናብ ተገኝቶ ከዛ በኋላ 7 ወይም 10 ቀን የሚቆይ ድርቅ ሳይከተል ሲቀር ዝናቡ ገባ የሚል ነው። እናንተ መለኪያው 20 ካሳየ፣ አፈሩ እስከ 15 ሳንቲሜትር ድቡልቡል ከያዘ፣ ትንበያው ደሞ በሚቀጥለው ሳምንት ቢያንስ ሁለት ዝናባማ ቀን ካሳየ ዝሩ። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ መጠበቁ ይሻላል፣ ዘር ውሃ ጠጥቶ ከፈነዳ በኋላ ከደረቀ ተመልሶ አይነሳም። በሌላ በኩል በ24 ሰዓት ውስጥ 40 ሚሊሜትርና ከዛ በላይ ዶፍ ከተተነበየም አትዝሩ፣ ዘሩ ይታጠባል፣ ላዩ ሲደርቅም ቅርፊት ሰርቶ ቡቃያውን ያፍነዋል።

ዩሪያ። ዩሪያ እርጥብና ሞቃት መሬት ላይ ተበትኖ ዝናብ ሳያገኝ ከቆየ ናይትሮጂኑ ወደ አየር ይሄዳል። ዶፍ ካገኘው ታጥቦ ይሄዳል። የምትፈልጉት በተበተነ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ከ10 እስከ 20 ሚሊሜትር ረጋ ያለ ዝናብ ነው። እንደዛ ያለ ቀን ካልታየ አፈር ውስጥ ቅበሩት። ውሃ የተኛበት ማሳ ላይ ግን በጭራሽ፣ መጀመሪያ ውሃውን አጠንፍፉ።

መርጨት። እዚህ ላይ ነፋሱ ከዝናቡ እኩል ነው። ጥሩው ፍጥነት በሰዓት ከ3 እስከ 15 ኪሎሜትር ነው፣ መለኪያ ባይኖራችሁ ፊታችሁ ላይ ነፋስ ይሰማችኋል፣ ቅጠል ይንሾካሾካል፣ ቅርንጫፍ ግን አይወዛወዝም። ፍጹም ጸጥ ያለ ማለዳም ጥሩ አይደለም፣ ጭስ ወደ ላይ ሳይወጣ አግድም ተንሳፎ ከቀረ ቀዝቃዛው አየር ከሞቃቱ ስር ታፍኗል ማለት ነውና ደቃቁ ጠብታ ሳይወርድ ተንሳፎ ጎረቤት ሰብል ላይ ወይም ሰው ላይ ሊያርፍ ይችላል። ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ አልፎ እርጥበቱ ከ40 ፐርሰንት ከወረደ ደሞ ጠብታው ቅጠል ሳይደርስ ይተናል። ከረጫችሁ በኋላ ዝናብ የሌለበት ስንት ሰዓት እንደሚያስፈልግ መለያ ወረቀቱ ላይ አለ፣ እንደ መድሃኒቱ ከ1 እስከ 6 ሰዓት ይለያያል። ስለዚ "ዛሬ 60 ፐርሰንት ነው" አይበቃም፣ በየሰዓቱ ያለውን አይታችሁ ዝናቡ ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ ከሆነና መድሃኒቱ 4 ሰዓት ከፈለገ ጠዋት እስከ 4 ሰዓት ተኩል ድረስ ብትጨርሱ ይበቃችኋል። ሰብሉ አበባ ላይ ከሆነ ግን ንቦች ሥራ ላይ ስለሚሆኑ ጠዋትን ትታችሁ ወደ ማታ አድርጉት።

ማጨድ። የደረሰ እህል ከታጨደ በኋላ ከረጠበ ዛላው ላይ ይበቅላል፣ ይሻግታል። ተከታታይ 3 ወይም 4 ደረቅ ቀን ፈልጉ፣ ለእህል የማጨጃው የመጀመሪያ ቀን ከ30 ፐርሰንት በላይ የዝናብ እድል ካለው እኔ አልጀምርም። ሙሉ ማሳውን አንዴ ከማጨድ በቀን መሰብሰብና መሸፈን የምትችሉትን ያህል ብቻ እጨዱ። እህሉ ጎተራ የሚገባው እርጥበቱ 13 ፐርሰንትና ከዛ በታች ሲሆን ነው።

ውርጭ። ሰማዩ የጠራ፣ ነፋስ የሌለው፣ አየሩ ደረቅ የሆነ ሌሊት ከመጣና ትንበያው 4 ዲግሪና ከዛ በታች ካለ ተዘጋጁ። ትንበያው የሚናገረው ከመሬት 2 ሜትር አካባቢ ያለውን አየር ነው፣ መሬቱ ላይ ከዛ በብዙ ዲግሪ ሊቀዘቅዝ ይችላል፣ ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነም ወደ ረባዳው ይወርዳል። ቀን ላይ አጠጡ፣ እርጥብ አፈር የቀኑን ሙቀት ይዞ ሌሊት ይለቃል። ችግኝ ካለ ፀሐይ ሳይጠልቅ ሸፍኑና ጠዋት ግለጡ።

በሽታ። ድንችና ቲማቲምን ለሚያጠቃው ሌት ብላይት ለሚባለው በሽታ "ሃተን" የሚባል መስፈርት አለ፣ ሁለት ተከታታይ ቀን የሌሊቱ ሙቀት ከ10 ዲግሪ ካልወረደና በእያንዳንዱ ቀን ቢያንስ 6 ሰዓት እርጥበቱ 90 ፐርሰንትና በላይ ከሆነ በሽታው የሚነሳበት አየር ነው። የስንዴ ቢጫ ዋግ ደሞ ቀዝቀዝ ያለ አየርና ጤዛ ይወዳል። ትንበያው እንዲህ ሲያሳይ ማሳውን በየሁለት ቀኑ የቅጠሉን ጀርባ ጭምር እያገላበጣችሁ እዩ።

9. እቅዱን ከነመጠባበቂያው ጻፉ

ለእያንዳንዱ ሥራ ሁለት መስመር፦ "ማክሰኞ ጠዋት ርጭት፣ ነፋሱ ከ15 ካለፈ ረቡዕ ጠዋት"፣ "ሐሙስ ዩሪያ፣ ከ40 በላይ ከተተነበየ ይቆይ"። ቁጥሩ አስቀድሞ ከተጻፈ ጠዋት ላይ ሰማይ እያያችሁ አትከራከሩም። በየጠዋቱ መለኪያውን ስታነቡ የዛን ቀን አዲሱን ትንበያ እዩና እቅዱን አስተካክሉ።

10. ትንበያውን ከመለኪያችሁ ጋር አስተያዩ

ሳምንቱ ሲያልቅ የተባለውንና የወረደውን ጎን ለጎን ጻፉ። ወራት ሲጠራቀም አፑ በእናንተ ቦታ ላይ ሁሌ ያበዛ እንደሆነ ወይ ያሳንስ እንደሆነ ይለያል። ሁሌ እጥፍ አድርጎ የሚናገር ከሆነ ግማሹን ውሰዱ። ይሄን ማንም ሌላ ሰው ሊነግራችሁ አይችልም።

ማስጠንቀቂያ

- መብረቅ ካያችሁ በኋላ ነጎድጓዱ 30 ሰከንድ ሳይሞላ ከተሰማ ማዕበሉ በ10 ኪሎሜትር ውስጥ ነው። ሥራ አቁማችሁ ቤት ግቡ፣ ከዛፍ ስር አትጠለሉ፣ የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ በኋላ 30 ደቂቃ ቆዩ።
- ከላይ ተፋሰሱ ላይ ዶፍ ከተተነበየ እናንተ ጋ ፀሐይ ቢሆንም ወንዝ ዳር ያለ ፓምፕና ከብት አውጡ። የሞላ ወንዝ አትሻገሩ።
- በርጭት ቀን ጓንት፣ ጭንብልና ሙሉ ልብስ አይቅር፣ ነፋሱን ከጀርባችሁ ወይም ከጎናችሁ አድርጉ እንጂ ፊት ለፊት አትግጠሙት።
- የመለኪያውን ጠርሙስ ለመጠጥ አትጠቀሙበት።

ብዙ ጊዜ የሚሰሩ ስህተቶች

- የሰዓት መደናገር። አፑ 15:00 ሲል በእኛ አቆጣጠር ቀን 9 ሰዓት ነው፣ 03:00 ሲል ሌሊት 9 ሰዓት። ይሄን ያደባለቀ ሰው ዝናቡ ሊወርድ ሲል ነው ርጭት የሚጀምረው።
- የቀን መደናገር። አፑ ቀኑን ከእኩለ ሌሊት እስከ እኩለ ሌሊት ነው የሚቆጥረው፣ የእናንተ መለኪያ ከጠዋት እስከ ጠዋት። ሰኞ ማታ የዘነበውን ማክሰኞ ጠዋት ነው የምታነቡት፣ ስታነጻጽሩ ለሰኞ ቁጠሩት።
- የሳምንቱን ድምር ብቻ ማየት። 35 ሚሊሜትር በአንድ ከሰዓት ወርዶ ስድስት ቀን ፀሐይ መሆንና በየሁለት ቀኑ 10 መውረድ ለቡቃያ በጣም የተለያየ ነው።
- ጠርሙሱ የተሸበሸበ ሆኖ ማስመሪያ መለጠፍ። ስፋቱ ስለሚለያይ ቁጥሩ ይዛባል።
- የድሮ ስክሪንሾት ተቀባብሎ መስራት። ትንበያው የወጣበትን ቀን ሳታዩ አትጠቀሙ፣ የሦስት ቀን የቆየ ከሆነ ለዛሬ የሚላችሁ የዛኔ የ4ኛ ቀን ግምት ነበር፣ አዲሱን ክፈቱ።